አንድ ማውስ ለሁለት ኮምፒውተር

ሽሮ ሜዳን በማለዳ የሚያውቅ ሰው ከዓይኑ አፍንጫው ይቀድመዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አለ፤ እናቶች ጀርባቸው ጎብጦ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲመጡ ከሸክማቸው ጋር አብሮ የሚወርደው። ከየግቢው የሚወጣ የምጣድ ጭስ አለ። ከዚያ ደግሞ የአዲስ ጥጥ ሽታ፤ ጥጥ ምን ሽታ አለው አትበሉኝ፣ ሸማኔ ሰፈር የኖረ ያውቀዋል። ለእኔ ግን ከነዚህ ጋር ካልተቀላቀለ ትዝታው የማይሞላልኝ ሌላ ሽታ አለ፤ የጋለ የፎቶ ኮፒ ቀለም። ወጣትነቴ ያለፈው በዚያ ሽታ ውስጥ ነው።

ዘመኑ ከሚሊኒየሙ ትንሽ ቀደም፣ ትንሽም ወዲህ ነው። 12ኛን ጨርሼ፣ ፒያሳ አንድ ማሠልጠኛ ለጥቂት ወራት ኮምፒውተር ተምሬ፣ ከሸማ ሱቆቹ ጀርባ ባለች አንዲት ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። በሯ ላይ «የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒ፣ የላሚኔሽንና የኢንተርኔት አገልግሎት» ይላል፤ ውስጧ ግን ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሁለት አግዳሚ ወንበር የሚሞላት ክፍል ነበረች። በአንድ ወገን ከሸማኔዎች ጋር በግድግዳ እንዋሰናለን። ቀኑን ሙሉ የሥራቸው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል፤ ቀጭ፣ ዱብ፣ ደግሞ ቀጭ። መጀመሪያ ሰሞን ይረብሸኝ ነበር። ኋላ ኋላ ግን ቀና የምለው ድምፁ ሲቆም ሆነ።

ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። በጃንሆይ መጨረሻ በታይፒስትነት መሥሪያ ቤት ገብተው፣ ደርግን እዚያው ወንበር ላይ አሳልፈው፣ ጡረታ ሲወጡ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የሰውን ችግር ሰምቶ በአጭሩ ማስፈር ያውቁበታል። አንዲት ባልቴት እያለቀሱ ከዚህም ከዚያም ያወሩትን አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙና፣ «እንግዲህ እማማ፣ የሚሉት ይህንን ነው?» ብለው ሲያነቡላቸው፣ ሴትዮዋ ልቅሶውን ትተው «እሱን ነው የኔ ጌታ፣ እሱን ነው!» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠሩትን የኢንጂነር አያና ብሩን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ የሩቅ ዘመድ ይመስል ነበር አነጋገራቸው።

ኮምፒውተር የተማሩት በስተርጅና ነው፤ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉ በሁለት ቁልፍ እንደሚወለድ ሳሳያቸው ለአፍታ ዝም ብለው፣ «ለካ ይቻላል!» አሉ። ከዚያ በኋላ ጣታቸውን የሚያቆም አልተገኘም። ማውሷን ግን አልወደዷትም። ከቁልፍ ላይ እጅን አንሥቶ ሌላ ነገር መጨበጥ፣ ለእሳቸው ሥራ ማቋረጥ ነበር። ይህ አለመውደድ አንድ ቀን እንዴት እንደጠቀመን እነግራችኋለሁ።

ሁለቱም ኮምፒውተሮች ከሰው እጅ የተገዙ፣ ነጭነታቸው ወደ ቢጫ የሄደ ነበሩ። ከመግቢያው አጠገብ ያለው የጽሕፈት ነው። ውስጥ ያለው ከስልኩ መስመር ጋር የተያያዘ የኢንተርኔት ነው። የአንደኛው ማውስ ገመድ ከሥሩ ተልጦ ሞተች። አዲስ ለመግዛት ሲታሰብ የቀለሙ ዋጋ ይመጣል፣ ቀለሙ ሲያልፍ ኪራዩ ይመጣል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አንዷ ማውስ ለሁለቱ ቀረች። ከጽሕፈቱ ነቅለን ኢንተርኔቱ ላይ እንሰካለን፣ ከዚያ ደግሞ እንመልሳለን።

ችግሩ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ነቅለን ስንሰካት ቀስቷ ስክሪኑ መሐል ላይ ቀጥ ትላለች። ብትገፋ፣ ብትጎትት፣ ጠረጴዛውን ብትመታ ንቅንቅ የለም። «እሺ፣ ይቅር» ብለን ወደ ነበረችበት ብንመልሳት እዚያም እምቢ። አሁን አሁን ስትሠራ የነበረች፣ ምንም ያልደረሰባት ማውስ።

አሁን የምነግራችሁ ጋሼ ከዚህ ነገር ጋር እንዴት እንደታገሉ ነው፤ ስለ እሳቸው ካለኝ ትዝታ ሁሉ የምሳሳለት ይህንን ነውና።

መጀመሪያ መሰኪያዋን ጠረጠሩ። ያኔ የማውስ መሰኪያ ዛሬ እንደምናየው ጠፍጣፋ አልነበረም፤ ክብ ነው። አይቢኤም በፈረንጆቹ 1987 ባወጣቸው ፒኤስ ቱ በተባሉት ኮምፒውተሮች ያመጣው ስለሆነ ስሙም በዚያው ቀረ። በኮምፒውተሩ ጀርባ ሁለት ክብ ቀዳዳ አለ፤ ሐምራዊው የኪቦርድ፣ አረንጓዴው የማውስ። በመሰኪያው ውስጥ 6 ቀጫጭን ሽቦዎችና አቅጣጫ የምትመራ አንዲት የፕላስቲክ ምላስ አሉ። ጨለማ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ፣ ሳያዩ የሚሰካ ሰው ከስድስቱ አንዱን ማጉበጡ አይቀርም። ጋሼ መሰኪያዋን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ወጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከቁልፍ መያዣቸው ላይ የማትለየውን ወረንጦ አወጡ፤ ከጆሮ ማውጫዋ ጋር የታሰረች፣ የብር፣ ከእናታቸው የቀረች ወረንጦ ነበረች። ጎበጥ ያለችውን ሽቦ ጫፏን ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ቀስ አድርገው አቀኑ። የእሾህ መንቀያ ለዚህም ሆነ። ስድስቱም ቀጥ አሉ። ሰካናት፤ አሁንም የለችም።

ቀጥሎ ሆዷን ከፈቱ። በዚያ ዘመን ማውስ ከሥሯ ኳስ ነበራት። ክቧን ክዳን በአውራ ጣት ገፋ አድርጎ ማዞር ነው፤ ኳሷ መዳፍ ላይ ዱብ ትላለች፤ በጎማ የተለበጠች፣ ከመጠኗ በላይ የምትከብድ። ውስጥ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚደረገውን የሚቆጥሩ። ሦስተኛዋ ትንሽ ኳሷን ወደ እነሱ የምትገፋ ናት። ዘንጎቹ ላይ ግራጫ ቀለበት ተጠምጥሞ አገኘን። ጋሼ በወረንጦው ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት እየተተረተረ ወጣ።

«አየሽ?» አሉኝ ወደ ግድግዳው በአገጫቸው እያመለከቱ። «ጥጥ ነው። ከነሱ ነው የመጣው።»

እውነታቸውን ነው። ከሸማኔዎቹ ቤት የሚነሣው ብናኝ ጠረጴዛችን ላይ ያርፋል፤ ኳሷ ከጠረጴዛው እየለቀመች ሆዷ ውስጥ ትፈትለው ኖሯል። ከፋርማሲ በመጣ አልኮል በእራፊ ጨርቅ ጠረግናት። ከዚያ በኋላ፣ ስትሠራም ትዘል የነበረችው ቀስቷ መዝለሏን ተወች፤ በምትሠራበት ጊዜ እንደ ዱሮዋ አልነበረችም፣ አማረባት። ነቅለን ስንሰካት ግን ያው ነው። ቀጥ።

ደንበኛ ሁሉ ሐኪም ሆነ። «ቫይረስ ነው» የሚለው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተርን የሚያመው ሌላ በሽታ ያለ አይመስልም ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ፎርማት ይደረግ፣ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫን» ብሎ ሲዲውን ይዞ መጣ። ጋሼ አመሰገኑትና፣ «ልጄ፣ በዚህ ውስጥ የሰው ማመልከቻ አለ። ምክንያቱን ሳላውቅ አልነካውም» አሉት። ሲዲውን መልሰው እጁ ላይ ሲያኖሩለት እንኳ ላለማስቀየም ይጠነቀቁ ነበር።

ፍንጩን ያመጣልን መብራት ኃይል ነው። አንድ ቀን ከጠዋት ጀምራ ቀጥ ብላ የዋለች ማውስ፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ተመለሰና ኮምፒውተሮቹን ስናበራ፣ ማንም ምንም ሳያደርጋት ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች። እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። ጋሼ ግን አላጨበጨቡም። የሒሳብ ደብተራቸውን ገልጠው ከኋለኛው ገጽ ላይ ጻፉ፤ መቼ እንደተነቀለች፣ መቼ እንደተሰካች፣ ሲሰኩ ኮምፒውተሩ በርቶ እንደነበር ወይም ጠፍቶ እንደነበር፣ ከዚያ ምን እንደሆነች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማውሷን የነካ ሁሉ ለጋሼ ይነግራል፣ ጋሼም ይጽፋሉ። የሰውን አቤቱታ እንዴት እንደሚሰሙ ነግሬያችሁ የለ? ያችንም ማውስ እንደዚያው ሰሟት። ቅድሚያ ለተበዳይዋ፣ ከዚያ ለምስክር፣ ፍርዱ ከሁሉ በኋላ።

አንድ ምሽት በሩን ገርበብ አድርገው ደብተሩን አነበቡልኝ። በርቶ ሲሰካ ሁልጊዜ ሞታለች። ጠፍቶ ሲሰካ ሁልጊዜ ድናለች። አንድም የተዛነፈ የለም።

ምክንያቱን የነገረን ፎቶ ኮፒውን ሊጠግን የመጣ ባለሙያ ነው። ማውሷ ኃይል የምታገኘው ከዚያው ክብ መሰኪያ ነው፤ ስትነቀል ትሞታለች፣ ስትሰካ እንደ አዲስ ትነሣለች። ተነሥታም ራሷን ፈትሻ «ደርሻለሁ» ካለች በኋላ ዝም ትላለች። ሪፖርት ጀምሪ የሚል ትእዛዝ ከኮምፒውተሩ እስኪመጣላት እንቅስቃሴዋን አትናገርም፤ ሥሪቷ እንደዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያንን ትእዛዝ የሚሰጠው ገና ሲነሣ ነው። መሄዷንም መመለሷንም ልብ ስላላለ፣ አሁንም እየነገረችው ያለች መስሎት ይጠብቃታል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ የሚጠባበቁ ናቸው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ደጅ እየጠናች ነው በለኛ! ግቢ የሚላት አጥታ!» አሉ። ዕድሜያቸውን ከደጅ ጠኚ ጋር ያሳለፉ ሰው ናቸውና እንደዚያ ሲሉ ቀልድ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ማውሷን ሲያነሡም ሲያስቀምጡም እጃቸው ለሰስ ያለ ነበር።

ባለሙያው አንድ ነገር ጨመረ። በርቶ መሰካት ከዚህም የከፋ ያመጣል፤ ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ፊውዝ ከተቃጠለች ማውሱም ኪቦርዱም አንድ ላይ ነው የሚቀሩት። ጋሼ ይህን እንደሰሙ ኦሊቬቲዋን ከመደርደሪያ አወረዱ። «መጀመሪያ ይጥፋ። ከዚያ ይሰካ። ከዚያ ይብራ።» ብለው ጻፉ፤ ቀን አደረጉበት፣ ፈረሙበት፣ የጽሕፈት ቤቱን ማኅተም መቱበትና ከኮምፒውተሩ በላይ ለጠፉት። ማኅተም የሌለው ትእዛዝ ትእዛዝ አይደለም ይሉ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ዳግላስ ኤንግልባርት አነበብኩ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማውስን ያሰበ ሰው ነው፤ የመጀመሪያዋን ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ከእንጨት ሠራት። የእጅ መዳፍ የምታህል ሳጥን ሆና ከሥሯ ሁለት ጎማ ነበራት፤ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች። በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቀርባ ታየች። እኛ በወረንጦ ጥጥ የመዘዝንላቸው ሁለት ዘንጎች የእነዚያ የሁለት ጎማዎች ልጆች ናቸው። ጋሼ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ምን ያህል ደስ ይላቸው እንደነበር እያሰብኩ ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

አሁን ወደ ኅዳር።

ለእኛ ቤት ኅዳር ማለት ዲቪ፣ የአሜሪካ የመኖሪያ ቪዛ ዕጣ፣ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ዲቪ በፖስታ መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ ሆኖ ነበር፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው በእኛና በመሰሎቻችን በር ነበር የሚያልፈው። የአሜሪካ ኤምባሲ ደግሞ እዚያው ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። በእግሩ ሄዶ አጥሩን አይቶ፣ ከዚያ ወደ እኛ መጥቶ «ሙሉልኝ» የሚል ሰው ነበር። ብዙዎቹ የፖስታ ሣጥን ስለሌላቸው አድራሻው የጋሼ ፖስታ ሣጥን ነበር። በአንዲት ቁልፍ የስንቱ ሰው ተስፋ ይከፈት ይዘጋ ነበር! ጋሼ ያችን ቁልፍ ከወረንጦዋ ጋር ነበር የሚያንጠለጥሏት።

በ2001 ዓ.ም. ምዝገባው ከመስከረም 22 እስከ ኅዳር 22 ነበር። ኅዳር 12፣ ሚካኤል ዕለት፣ እንደ ልማዱ ከተማው ታጠነ። ከየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ጉለሌ ከላይ እስከ ታች በጭስ ትዋጣለች፤ ዓይን ይለበልባል፣ ልጆች እሳቱን ይዘላሉ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ የሚለው፣ እንዳይመለስ ነው የሚታጠነው። ጋሼ ከእናታቸው የሰሙትን ይነግሩን ነበር፤ ቀባሪ እንደጠፋ፣ በየቤቱ ሰው ተኝቶ እንደቀረ። እየነገሩን ኮምፒውተሮቹን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ጭሱ እንዳይገባባቸው። ማውሷን ደግሞ ለብቻዋ በመሐረብ።

ከዚያ የመጨረሻው ቀን መጣ። ኅዳር 22፣ ሰኞ። አሜሪካ ቀትር ላይ ሲዘጋ እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አመሻሽ ላይ የግድግዳው ድምፅ ቆመ፤ ቀና አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤታችን ሸማኔው ከነሚስቱና ከነሁለት ልጆቹ በር ላይ ቆመ። የማታ ተምሮ 12ኛን የጨረሰ ሰው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ዛሬ ነገ ሲል የቆየው ለበዓል የታዘዘ ጥለት ይዞት ነበር።

«እህቴ፣ ረፈደብኝ?» አለኝ።

«አልረፈደም፣ ግባ» አሉት ጋሼ፣ እኔን ቀድመው።

ፎቶ አነሣኋቸው። ቅጹን ከፈትኩ። የስልኩ መስመር በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ስለሚረባረብበት ሞደሙ እየጮኸ፣ እየተቋረጠ፣ ደግሞ እየጮኸ በስንት መከራ ነው የገባልኝ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ከተማ። ሚስት። የመጀመሪያ ልጅ። የሁለተኛውን የልደት ወረቀት ኮፒ ላድርግ ብዬ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ስመለስ በጽሕፈቱ ኮምፒውተር ላይ ሠንጠረዥ ይሠራ የነበረ አንድ ተማሪ ለአፍታ ልዋሳት ብሎ ማውሷን ነቅሎ፣ እዚያ እምቢ ስትለው መልሶ ሰክቷት አገኘሁ። ቀስቷ በቅጹ መሐል፣ በሁለተኛው ልጅ ስም ላይ፣ ቀጥ ብላለች።

ያ ልጅ ፊቱ አመድ መሰለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ትእዛዝ ያላየው ስለቸኮለ ነው፤ ጋሼ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ተቀመጥ፣ ይሆናል» አሉት። የሁላችንም ዓይን ግን ግድግዳው ላይ ወዳለችው ሰዓት ነበር። መድኃኒቱን እናውቀዋለን፤ አጥፍቶ ማብራት። ካጠፋን ግን የተሞላው ይሄዳል፣ መስመሩም ይሄዳል፤ ዳግመኛ ለመግባታችን ዋስትና የለንም።

ሸማኔው ምንም አልጠየቀም። ትንሹን ልጁን ብቻ ከወለሉ አንሥቶ ታቀፈ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ጋሼ፣ «ይሄ ነገር ታብ የለውም እንዴ?»

ታብ! ኦሊቬቲ ላይ ሠንጠረዥ ሲሠሩ ዕድሜ ልካቸውን የሚመቷት ቁልፍ። ማውስን ያልወደደ ሰው አእምሮ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያች ነው። ታብን ስመታ ከሳጥን ወደ ሳጥን ዘለለች። የልጁን ስም ጻፍኩ። ወሩን በቁልቁል ቀስት መረጥኩ። በፎቶው ቦታ ላይ ስንደርስ የፋይሉን ስም ጽፌ ኢንተር አልኩት፤ ተቀበለ። መጨረሻው ላይ ግን ያረጀው ሞኒተር ፈዞ፣ ታብ የቱ ላይ እንዳረፈች የምታሳየዋ የነጠብጣብ መስመር አልታይ አለችኝ። የሚልከውን ቁልፍ የተጫንኩ መስሎኝ ሁሉን የሚደመስሰውን ብጫንስ? ጣቴ ደነዘዘ።

ያኔ ነው የፒያሳው ክፍል ጓደኛዬ ትዝ ያለኝ። ቀኝ እጁ በማሽን ተጎድቶ ማውስ መጨበጥ የማይችል ልጅ ነበር። አስተማሪያችን ለእሱ ብሎ አንድ ነገር አብርቶለት ነበር፤ የግራውን አልት፣ የግራውን ሺፍትና ነም ሎክን አንድ ላይ መጫን። ያ ልጅ ቀስቷን በቁጥሮቹ ነበር የሚነዳት፤ 8 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች፣ 4 ወደ ግራ፣ 6 ወደ ቀኝ፣ 5 ደግሞ መጫኛ። ዊንዶውስ ውስጥ እጃቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች ተብሎ የተቀመጠ ነው። ሦስቱን ቁልፎች ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ ጢ-ው የሚል ድምፅ ሰጠ፣ ጥያቄ አመጣ፣ ኢንተር አልኩት። 6ን ተጭኜ ያዝኩ።

ቀስቷ ተንቀሳቀሰች።

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሰ። መጀመሪያ ቀስ ትላለች፣ ቁልፉን ይዘው ከቆዩ ትፈጥናለች፤ ስለዚህ ማለፍ አለ፣ መመለስ አለ። ከኋላዬ ተሰብስበው «ወደ ግራ! አለፈሽ! መለስ!» ይሉኛል። ሸማኔው ልጁን ለሚስቱ ሰጥቶ ጎንበስ አለ። የእሱ ዓይን ቀኑን ሙሉ ክር ሲቆጥር የሚውል ዓይን ነው። «ሁለት ድር ወደ ላይ» አለኝ በዝግታ። 8ን ነካ ነካ አደረግኋት። «አንድ ድር ወደ ቀኝ። በቃ። እሷ ላይ ነሽ።»

5ን ተጫንኩ።

የጠበቅነውን አልናገርም። ገጹ ነጣ፣ ቆየ፣ ቆየ፣ መመዝገቡን የሚያበስረው ወረቀት ስሙን ይዞ ወጣ። 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ያ ተማሪ ነው ከሁላችን በላይ የጮኸው። ፕሪንት አደረግንለት፤ ሸማኔው ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና ጉልበት ሊስም ወደ ጋሼ ሲጎነበስ ጋሼ በሁለት እጃቸው ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። ከታሪፉ በላይ ሳንቲም አልተቀበሉም። እነሱ ከሄዱ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍተን አበራነው፤ ማውሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ዳነች።

በማግስቱ ጋሼ መርካቶ ወርደው ሁለተኛ ማውስ ገዝተው መጡ፤ ጠፍጣፋ መሰኪያ ያላት፣ የዩኤስቢ። በርቶም ቢሰኳት ኮምፒውተሩ ያውቃታል፤ መምጣቷን አይቶ ራሱ ይጠራታል። ጋሼ ነቅለው ሰክተው፣ ነቅለው ሰክተው አዩአት። «ይቺስ ደጅ አትጠናም» አሉ። እሷም ብትሆን የራሷ አመል ነበራት፤ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ስትዛወር ኮምፒውተሩ እንደ እንግዳ ቆጥሯት እስኪያስታውሳት ጊዜ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ችላ ይላታል፤ ያን ጊዜ ወደ መጀመሪያ ቀዳዳዋ መመለስ ነው። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ግን ማንም ከግድግዳው አላወረደውም።

ያ ዓመት የመብራት ፈረቃ ዓመት ሆነ። በጨለማው ቀን ጋሼ ኦሊቬቲዋን አውርደው ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ከወዲያ ግድግዳ ሸማኔው መብራት አያሻውም፣ ይሠራል። ከግንቦት ጀምሮ ጋሼ ወደ ፖስታ ቤት እየወረዱ ሣጥኑን ይከፍታሉ። ለአንዳንዱ የዲቪ ደብዳቤ መጣ። ለሸማኔው አልመጣም። ክረምቱ ሲገባ ጋሼ ራሳቸው በግድግዳው ዞረው ሄደው ነገሩት፤ በሰው አልላኩበትም።

በ2002 ምዝገባው እንደተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት መጣ። ቤተሰቡ በአንድ ጨምሯል፤ ሚስቱ ገና አንገቷን ያልቻለች ሴት ልጅ ታቅፋለች። ለሕፃንም ለብቻዋ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ከጀርባዋ ነጣ ያለ ነገር፣ ዓይኗ የተከፈተ። ሸማኔው ገና ከእንጨቱ ያወረደውን አዲስ ጋቢ አምጥቶ ግድግዳው ላይ ዘረጋ። እናትየዋ ልጅቷን ጋቢው ፊት አቀናቻት። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍናለች፤ ብንጠራት፣ ብናጨበጭብ አልገልጥም አለች። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ከሸማኔው ኪስ ብቅ ያለችውን መወርወሪያ «እስቲ አውሰኝ» ብለው ተቀበሉ፣ ከካሜራው በላይ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ወዲያ ወዲህ አወዛወዟት። ልጅቷ ያንን ድምፅ ማሕፀን ውስጥ ሆና ስትሰማው የኖረች ናት፤ ሁለቱንም ዓይኖቿን በልጥጣ ወደ ጋሼ አየች፣ አነሣኋት፣ ቅጹንም እዚያው ሞላነው።